ተራራው ወደ ታች የሆነበት አገር

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ወሬው ረዘም ይላል። ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ደነባ ነው። ደነባን የማታውቁ ካላችሁ ደብረ ብርሃን ላይ ቁሙና ፊታችሁን ወደ ፀሐይ መጥለቂያ አዙሩ። ጀርባችሁን ለአንኮበር ሰጣችሁ ማለት ነው። ከዚያ ሜዳውን ይዛችሁ ሂዱ። ስንዴ፣ ባቄላ፣ ደግሞ ስንዴ፣ አልፎ አልፎ የባሕር ዛፍ ጥግ፣ ደግሞ ስንዴ። ዓይን የሚያርፍበት ጉብታ እያነሰ፣ ሰማዩ እየሰፋ ሲመጣ ደርሳችኋል። ደነባ የሲያደብርና ዋዩ ወረዳ መቀመጫ ናት፤ ከባሕር ወለል ከ2,600 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ትንሽ ከተማ። ወረዳውን በሰሜን ሞረትና ጅሩ፣ በምዕራብ እንሳሮ፣ በምሥራቅ ባሶና ወራና፣ በደቡብ ደግሞ ኦሮሚያ ያዋስኑታል።

አንድ ወሬ አለ። ከላስታ በኩል ለሰርግ የመጣ እንግዳ ድንኳኑ ሥር ጠላውን ይዞ ግራ ቀኙን ቢያይ ቢያይ ሜዳ ብቻ ሆነበትና፣ «ጋሼ፣ ለመሆኑ ተራራችሁ የት አለ?» ብሎ የቤቱን አባወራ ጠየቀ አሉ። አባወራውም ጢማቸውን እያሻሹ፣ «አለ እንጂ ልጄ! ወደ ታች ሆኖ ነው» አሉት። እንግዳው ሳቀ። በማግስቱ አፋፉ ላይ ወስደው ሲያቆሙት ግን ሳቁ ከየት ይምጣ! ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሸሽቶ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

ወሬው እውነት ይሁን ፈጠራ እኔ ምን አገባኝ፤ አባባሉ ግን ልክ ነው። ሌላው አገር ምልክቱን ቀና ብሎ ያያል፣ የደነባ ሰው አጎንብሶ ያያል። ዳሸን አለን፣ ጉና አለን የሚል ሰው ሲመጣ የዚህ አገር ሰው የሚመልሰው የጀማን ወንዝ ገደል ነው። እኔም የምላችሁ ይህንኑ ነው፤ ደነባን ማወቅ የፈለገ ቁልቁል ይይ። ገደሉ ጋ እንደርሳለን፣ አትቸኩሉ። አስቀድሞ ሜዳው አለ፤ ሜዳው ደግሞ ከላይ ሲያዩት የዋህ ይመስላል እንጂ የዋህ አይደለም።

የደነባና የጅሩ አፈር ዋልካ ነው። በሐምሌ የመጣ እንግዳ ይህን አፈር መጀመሪያ የሚተዋወቀው በጫማው ነው። በአንደኛው እርምጃ ጭቃው ሶሉ ላይ ይለጠፋል፣ በሁለተኛው ይወፍራል፣ አሥር እርምጃ ከሄደ በኋላ ሰውየው ስንዝር ያህል ረዝሟል። የአገሩ ሴቶች ጫማቸውን በፌስታል ይዘው በባዶ እግራቸው ይሻገራሉ፤ የሚያዋጣውም እሱ ነው። መኪና የገባበት እንደሆነ ጎማው ይሽከረከራል እንጂ አይሄድም። ረዳቱ ድንጋይ ሲለቅም፣ ተሳፋሪው ሲገፋ፣ ሹፌሩ የተነሳበትን ቀን ሲረግም ይመሻል።

በጋ ሲገባ ይኸው አፈር ሌላ ፍጥረት ይሆናል። ይደርቃል፣ ይጠጥራል፣ ይሰነጠቃል። ስንጥቅ ስላችሁ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ከብት የሚጠብቅ ልጅ ዱላውን ሲሰድበት እስከ ጫፉ ሲዋጥ ተመልክቻለሁ። ጥጃ እግሩን ከትቶ ይሰበራል። ሳንቲም የጣለ ሰው እስከ ክረምት አይፈልገውም፤ በክረምትም አያገኘውም።

ነገሩ ወዲህ ነው። ዋልካ ውስጥ ያለው ሸክላ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ውሃው ሲለቀው ይኮማተራል። በበጋ የላዩ አፈር እየፈረሰ ስንጥቁ ውስጥ ይገባል። ክረምት ሲመጣ ሁሉም ሲያብጥ የታቹ አፈር መሄጃ ያጣና ወደ ላይ ይገፋል። እንዲህ እያለ በዘመናት ውስጥ መሬቱ ራሱን በራሱ ያገላብጣል። የአፈር ተመራማሪዎች ቨርቲሶል ይሉታል። በአገራችን ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ እንዲህ ያለ መሬት አለ፤ ከዚያ ውስጥ ከ7 ሚሊዮን የሚበልጠው በደጋው ላይ ነው።

እንዲህ በሚላወስ መሬት ላይ ጎጆ ማቆም ዘበት ነው፤ ግድግዳው ይጣመማል፣ በሩ አልገጥም ይላል። ስለዚህ ገጠሩን ስትዞሩ አንድ ነገር ልብ በሉ። ሰዉ ቤቱን የሚሠራው ድንጋያማ ጥግ ፈልጎ፣ ጀርባ መሳይ ቦታ መርጦ፣ አንዳንዴም አፋፉን ተጠግቶ ነው። ጥቁሩ መሬት ለስንዴው ተትቷል። ዛፍም አይወደውም፤ አብዛኛውን ዛፍ የምታዩት ቤት ባለበት ነው። እንጨት ስለሌለ ምድጃው የሚነደው በኩበት ነው። በየግቢው ተከምሮ፣ በእበት ተለስኖ ክረምቱን የሚጠብቀው የኩበት ክምር የዚያ አገር ሀብት መለኪያ ቢባል ያስኬዳል። እርግጥ ነው፣ የተቃጠለው ኩበት ወደ ማሳው አይመለስም። ይህን ገበሬው ከባለሙያው እኩል ያውቃል፤ ግን እንጀራ በምን ይጋገር?

የዋልካ ትልቁ ጣጣ ውሃ ነው። እጥረት እንዳይመስላችሁ፤ መብዛቱ ነው። በሐምሌና በነሐሴ የሚወርደው ዝናብ ወደ ታች አይሰርግም፤ ሜዳ ስለሆነም አይወርድም። እዚያው ይተኛል። ሥር ይታፈናል፣ ቡቃያ ቢጫ ይሆናል። የድሮው መላ መጠበቅ ነበር። ዝናቡ እስኪያባራ ይጠበቅና ክረምቱ ሊወጣ ሲል ምስሩ፣ ሽምብራው፣ ጓያው በቀረው እርጥበት ይዘራል። ጥሩ ነው፤ ግን ሁለት ሙሉ የዝናብ ወራት መሬቱ ውሃ ታቅፎ ቁጭ ብሎ ማለፉ ነው።

በጎረቤት ሞረትና ጅሩ፣ የእነዋሪና የአካባቢው ገበሬ ሌላ መላ አመጣ። ይህን ቀረብ ብላችሁ እዩልኝ። ዘሩ ከተዘራ በኋላ ቤተሰቡ በሙሉ ማሳ ይወርዳል። አባት በሬዎቹን ይዞ ትልሙን ይከፍታል። እናትና ልጆች ከኋላው ጎንበስ ብለው ጭቃውን ከትልሙ ውስጥ በሁለት እጃቸው እየዛቁ ወደ ግራና ቀኝ ያወጡታል። መደቡ ከፍ ይላል፣ ቦዩ ዝቅ ይላል። ዝናቡ ሲመጣ ውሃው በቦዩ ይሄዳል፣ ዘሩ መደቡ ላይ ሆኖ ይተነፍሳል። ከላይ እየዘነበ፣ ከታች እየቀዘቀዘ፣ ወገብ ቀና ሳይል ቀኑ ያልቃል። ማታ እጅ ቢታጠቡትም ጥፍር ውስጥ የገባው ጥቁር አፈር እስከ ቡሄ አይለቅም። የቡሄን ሙልሙል ይዞ የሚጨፍረውን የዚያን አገር ልጅ እጅ ያየ ይነግራችኋል።

በ1970ዎቹ ማብቂያ ገደማ፣ መቀመጫውን አዲስ አበባ ያደረገው ኢልካ የተባለው የእንስሳት ምርምር ማዕከል ከአገር ውስጥ ተመራማሪዎች ጋር ሆኖ ይህን ጥቁር መሬት ማጥናት ያዘ። በሬ የሚስበውንና መደብና ቦይ የሚያወጣውን መሣሪያ ከአገሩ ማረሻ ሠሩ። ገበሬው ዛሬም ቢቢኤም ይለዋል። የመደቡ ሐሳብ ከህንድ ምርምር የተወሰደ ነበር፤ እነዋሪ ሲደርሱ ግን ገበሬው ቀድሟቸው በእጁ ሲሠራው አገኙት። እኔ ይህን ታሪክ የምወደው ለዚህ ነው። መሣሪያው ጠቃሚ ነው፤ የሴቶቹንና የልጆቹን ወገብ ያሳርፋል። ግን ማን ከማን ተማረ የተባለ እንደሆነ መልሱ በሁለቱም በኩል ነው።

ከዚህ ጭቃ የሚወጣው እህል ደግሞ ቀላል አይደለም። የጅሩ ስንዴና ጤፍ፣ ምስሩና ባቄላው ገበያ ላይ ስም አለው። የጅሩን ሰንጋ ለአዲስ አበባ ሰው ማስተዋወቅ ለቀባሪው ማርዳት ነው። በሬው አርሶ አርሶ ሲበቃው ቤት ይገባል፤ ገለባውና ጭዱ፣ የጓያና የባቄላ ክኩ እየተሰጠው፣ ከሰው እኩል እየተጨነቁለት ይቀልባል። ለገናና ለፋሲካ ሲወጣ ቆዳው ይንሸራተታል። ገዢው ቅርጫ ሲካፈል የቀመሰው ያን ጥቁር መሬት ነው፤ አያውቀውም እንጂ።

እንግዲህ አሁን ወደ ገደሉ።

ሜዳው ወደ ጀማ በሚያደላበት በኩል ስትሄዱ የሚያስጠነቅቅ ነገር የለም። ኮረብታ አይቀድመውም፣ መሬቱም አያዘቀዝቅም። ስንዴው እንደቆመ፣ በሬው እንደጋጠ፣ ድንገት መሬቱ ያልቃል። ከታች የሚመጣው ነፋስ ፊታችሁን ይመታዋል፤ ደጋ ላይ ቆማችሁ የቆላ ሙቀት ይሸታችኋል። ከእግራችሁ በታች ጥቁሩ አለት ተጠርቦ የቆመ ይመስላል። ከዚያ በታች ቢጫ፣ ከዚያ በታች ነጭ፣ ከዚያ በታች ቀይ። እታች፣ ሩቅ፣ ክር የምታህል ነገር ታበራለች። ጀማ ናት። ከሜዳው ከፍታ እስከ ወንዙ ድረስ፣ ለሚን አልፎ ወደ ዓለም ከተማ የሚወርደው መንገድ ጀማን በሚሻገርበት ድልድይ ዘንድ ብንለካው፣ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ቁልቁለት አለ። ከእንጦጦ ጫፍ እስከ አዲስ አበባ መሀል ያለውን ቁልቁለት የምታውቁ ሰዎች፣ ይህኛው ከዚያ ይበልጣል።

ይህ ገደል እንዴት ተፈጠረ? የድሮ ሰዎች የሚሉት ብዙ ነው። የሥነ ምድር ሰዎች የሚሉትን ልንገራችሁ፤ እሱም ቢሆን ከተረት አያንስም።

ላይ ያለው ጥቁር አለት እሳት ነበር። የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ መሬት ተሰንጥቃ ቅልጥ ድንጋይ ተፋች። አንድ ተራራ ፈንድቶ አልበረደም፤ ቅልጡ በስንጥቅ እየወጣ አገር አለበሰ፣ ደረቀ፣ እንደገና በላዩ ፈሰሰ። የኢትዮጵያ ደጋ አብዛኛው የተሠራው በዚያ ነው፤ ያ ዋልካም የዚያ ድንጋይ ልጅ ነው። ድንጋዩ በዝናብና በፀሐይ ሲበሰብስ ጥቁር ሸክላ ሆነ።

ከጥቁሩ በታች ያለው የአሸዋ ድንጋይና የጭቃ ድንጋይ ነው፤ ወንዝ የተኛበት፣ ረግረግ የነበረ ምድር። በጀማ ሸለቆ በዚህ ንጣፍ ውስጥ ተመራማሪዎች የዳይኖሰር ጥርስ አግኝተዋል፤ ከ145 ሚሊዮን ዓመት በላይ የሆነው። ከዚያ በታች ነጭና አመድማ የኖራ ድንጋይ አለ፣ ውስጡም የባሕር ዛጎል ይገኛል። አዎ፣ የባሕር! ደነባ ሥር ባሕር ነበረ። የዛሬ 160 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የህንድ ውቅያኖስ ከመፈጠሩ በፊት የነበረ ባሕር ከምሥራቅ ገብቶ ይህን አገር ሸፍኖት ነበር። ከኖራው በታች ጂፕሰም፣ ከሁሉም በታች ቀዩ አሸዋ ድንጋይ። በኋላ ምድሪቱ ከፍ ከፍ ስትል፣ አባይና ልጆቹ ደግሞ ቁልቁል ቁልቁል ቆፈሩ። መሬት ወደ ላይ፣ ውሃ ወደ ታች፤ ጀማ ዛሬም ሥራዋን አላቋረጠችም።

ለመውረድ ከፈለጋችሁ በአህያ መንገድ ነው። ደገኛው በቆላ የሚሸጠውን ጭኖ፣ ከቆላ ማሽላ ይዞ የሚመለስበት መንገድ። ከላይ ስትነሱ ጋቢያችሁን ተከናንባችሁ ነው። እግር በገደሉ ቁልቁለት መውረድ ሲጀምር ጋቢው ትከሻ ላይ ይወርዳል፣ ከዚያ ክንድ ላይ ይጠመጠማል፣ በመጨረሻ አህያዋ ላይ ይጫናል። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ ስድስት ተኩል ዲግሪ ያህል ይጨምራል፤ ታች ስትደርሱ ከደጋው ይልቅ ስምንት ዲግሪ ገደማ ይሞቃል። ዛፉም ይለወጣል። ላይ ያላየነው ወይራ ገደሉን ይዞ ይታያል፣ ከዚያ ቁልቋልና እሬት፣ ከዚያ ግራር፣ ታች ዋንዛና ሾላ። ሰብሉም ይለወጣል፤ ስንዴው ላይ ይቀራል፣ ማሽላው ይመጣል። ወባም አለች። ለዚህ ነው የድሮ ደገኞች ሲወርዱ በጊዜ ጨርሰው ሳይመሽ መውጣትን ይመርጡ የነበሩት።

ቁልቁለቱ ገና ሲጀመር የሚያጋጥሟችሁ ጭላዳዎቹ ናቸው። ሌሊቱን ገደሉ ላይ ጅብና ነብር የማይደርስበት የድንጋይ ጠርዝ ላይ ተጠጋግተው ያድራሉ። ፀሐይ ሲወጣ አንድ በአንድ እየዘለሉ ወደ ሜዳው ይወጣሉ። ከዝንጀሮ ወገን ሙሉ ኑሮውን በሣር ግጦሽ ላይ ያደረገው ጭላዳ ብቻ ነው፤ እሱም በዓለም ላይ የሚኖረው በኢትዮጵያ ደጋ ነው። ወንዱ ደረቱ ላይ ቀይ ቆዳ አለው፣ ጎፈሩ ነፋስ ሲመታው ከበርኖስ ያምራል። ቀረብ ብላችሁ እጁን እዩ። ቁጭ ብሎ በሌባ ጣቱና በአውራ ጣቱ ሣሩን አንድ በአንድ እየነቀለ፣ በመዳፉ እየሰበሰበ፣ እንክርዳዱን ለይቶ ምስር እንደሚለቅም ሰው ይሠራል። ሲጨርስ ከመቀመጫው ሳይነሳ ወደ ፊት ይንፏቀቃል። ገብስና ስንዴ አፋፉ ድረስ ሲዘራ ግን ጠቡ ይነሳል። ወንጭፍ ይዘው የሚጠብቁት ልጆች ስለ ጭላዳ የሚነግሯችሁ ቱሪስት ከሚለው ይለያል። ሁለቱም እውነት አላቸው። ሣሩ ታርሶ ያለቀበት ጭላዳ ምን ይብላ፣ ልፋቱ የተነቀለበት ገበሬስ ምን ይበል?

ዝቅ ስትሉ በቁጥቋጦው ውስጥ ቆቅ ይጮኻል። ተራ ቆቅ አይደለም። በውጭ መጻሕፍት የሀርውድ ቆቅ የሚባለው ነው፤ በ1899 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ብለንደልና ሎቫት የተባሉ ብሪታንያውያን መዝግበውታል። መኖሪያው የጀማ፣ የወንጪት፣ የሙገርና በዚያ አካባቢ ያሉት ሸለቆዎች ብቻ ናቸው። ካሜራና መነጽር አንግበው ከሩቅ አገር የሚመጡ ሰዎች ይህቺን ወፍ ለማየት ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ሥር ይቀመጣሉ። የአገሩ እረኛ ደግሞ በየጠዋቱ ስትጮህ ይሰማታል፤ ቆቅ ናት ይላል፣ በቃ። ከላይ ደግሞ አጥንት ይዞ ወጥቶ ድንጋይ ላይ እየለቀቀ የሚሰብረው ጺማሙ አሞራ ይዞራል። ጥላው ገደሉ ላይ ሲሄድ አህዮቹ ጆሯቸውን ያቆማሉ።

ወንዙ ጋ ደረስን። በበጋ ከሆነ ጀማ የዋህ ናት፤ ሱሪ ሰብስቦ የሚሻገራት አይጠፋም። በክረምት ግን ሌላ ናት። የበሬሳ ውሃ ከደብረ ብርሃን፣ የጫጫ ውሃ ከጫጫ፣ አለልቱና ሮቢ ከደቡብ፣ ወንጪት ከሰሜን፣ ሁሉም ኋላ ኋላ ወደ እሷ ነው። ስለዚህ ደነባ ላይ ጠብ ያላለ ዝናብ እንኳ፣ ደብረ ብርሃን ቤት ጣሪያ ላይ የወረደው ሁሉ፣ ከታች ያልፋል። ቡና መሰል ውሃ ሆና ስትመጣ ድንጋይ ከድንጋይ ሲጋጭ ከዳር ሆኖ ይሰማል። ያን ጊዜ በእግሩ የሚሻገራት የለም።

ከደብረ ብርሃን ምሥራቅ፣ ከአንኮበር ጠርዝ ወዲያ የወረደው ዝናብ ደግሞ ፊቱን ያዞርና በከሰምና በመሰሎቹ ወደ አዋሽ ይሄዳል፤ አዋሽም ባሕር ሳያይ አፋር በረሃ ውስጥ ያልቃል። የደነባው በአባይ አድርጎ ሜዲትራኒያን ይደርሳል። በአንድ ዳመና የመጣ ዝናብ፣ በአንድ ጠርዝ ምክንያት ዘላለም አይገናኝም።

ድልድይ ከመሠራቱ በፊት የጅሩና የመርሐ ቤቴ ዘመዳሞች ክረምቱን ማዶ ለማዶ ይተያዩ ነበር። የማዶው ሰው እሳት ሲያነድ ጭሱ ይታያል፤ ለመድረስ ግን በበጋም ቢሆን መውረድና መውጣት ቀን ይፈጃል። በዚህ አገር «ቅርብ ነው» ሲሏችሁ «ለዓይን ነው ለእግር?» ብላችሁ ጠይቁ።

ገደል የሚጠላ አለ፣ የሚወድም አለ። መነኮሳት ወደውታል። ሞረትን እንዳስተማሩ የሚነገርላቸው የአቡነ ዜና ማርቆስ ገዳም፣ ደብረ ብስራት፣ በዚሁ አገር ነው። በማዶ በሚዳ በኩል የአቡነ መልከ ጼዴቅ ገዳም አለ። ደብረ ሊባኖስም ቢሆን ያው ገደል ያው ውሃ ነው፤ ሥሩ ያለው ሸለቆ ውሃውን ወደ ጀማ ይልካል። እዚያ ያለውን አሮጌ ድልድይ ሰዉ የፖርቹጋል ይለዋል፤ ያሠሩት ግን የምኒልክ አጎት ራስ ዳርጌ ናቸው ይባላል። ፖርቹጋሎች ዕድለኞች ናቸው፣ ያልሠሩት ሁሉ በስማቸው ነው።

አርበኞችም ወደውታል። በአምስቱ ዓመት የራስ አበበ አረጋይ ሰዎች በሰሜን ሸዋ ሲመላለሱ መከታቸው ይህ ገደልና ዋሻው ነበር። ሜዳው ለጠላት መኪናና አውሮፕላን ያጋልጣል፤ ገደሉ ያዳምጣል፣ ይሸሽጋል። ሁልጊዜ ግን አላዳነም። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ ዘረት በተባለው ቦታ፣ አመፀኛ ዋሻ ውስጥ የተጠለሉትን የአርበኞች ቤተሰቦች የጣሊያን ጦር በመርዝ ጋዝ ፈጃቸው። ሴቶች፣ ሽማግሌዎች፣ ሕፃናት ነበሩበት። የአገሩ ሰው ያውቀው ነበር፤ ማቴዎ ዶሚኒዮኒ የተባለ ጣሊያናዊ የታሪክ ተመራማሪ ከራሳቸው ከጣሊያኖቹ መዝገብ አግኝቶ፣ ዋሻው ድረስ ሄዶ በ1998 ዓ.ም. ለዓለም ሲያወጣው ነው ሌላው የሰማው።

ስለ ወንዙ ጥፋት ደግሞ አንድ ነገር ልበል። «ጀማ አፈራችንን ወሰደች» የሚል ሰው ብዙ ነው። ሐቁን ለመናገር ጀማ እጇን ዘርግታ ሜዳው ላይ አልወጣችም። ውሃው ከማሳው እንዲወጣ ቦይ ያወጣነው እኛ ነን፤ አፋፉ ድረስ ያረስነውም እኛ። ማሳውን ያዳነው ቦይ ጫፉ ገደሉ አፍ ላይ ሲደርስ ቦረቦር ይሆናል፣ ቦረቦሩ በየዓመቱ ወደ ኋላ እየበላ ወደ ማሳው ይመጣል። አሁን አሁን በየአፋፉ እርከን ሲሠራ፣ ቦረቦሩ በድንጋይ ሲታሰር ይታያል። የሚያመልጠው አፈር መድረሻው ከእንግዲህ ሱዳን ብቻ አይደለም። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ሐይቅ ውስጥ የሚተኛው ደለል ከፊሉ ከእነዚህ ማሳዎች የሄደ ነው። ለግድቡ ያዋጣው ገበሬ ቦንዱን ብቻ እንዲያዋጣ ብንተወው ይሻላል፤ አፈሩን ጭምር መስጠት በዛ።

የሸለቆው ሌላው ዜና ለሚ ነው። በጎረቤት እንሳሮ፣ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ለሚ ናሽናል ሲሚንቶ ፋብሪካ ተመርቋል። ለምን እዚያ መጡ ብትሉ መልሱን ነግሬያችኋለሁ፤ ያ የባሕር ወለል፣ ያ የኖራ ድንጋይ፣ ያ ጂፕሰም። ሌላ ቦታ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ጥቁር ድንጋይ ሥር የተቀበረውን ጀማ ከፍታ አስቀምጣዋለች። ከ160 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ባሕር ያስቀመጠው ዛጎል እየተፈጨ በጆንያ አዲስ አበባ ይገባል። ሥራ ይዞ መጥቷል፣ መንገድ ይዞ መጥቷል፣ አቧራም ይዞ መጥቷል። የአገሩ ወጣት ፊቱን ያዞረው ወደዚያ ነው፤ ትልም ከሚከተል የጭነት መኪና መከተል ይመርጣል። እኔ አልፈርድበትም።

«መቼ እንምጣ?» አላችሁ? ከመስቀል እስከ ጥቅምት አጋማሽ ኑ። ስንዴው ገና አረንጓዴ ነው፣ አደይ አበባው የማሳውን ዳር ይዟል፣ መንገዱ ይጠጥራል። በኅዳር ከሆነ ውርጩን ቻሉት፤ ጠዋት ጠዋት ገብሱን እንኳ ያቃጥለዋል። አጨዳና ውቂያ ማየት የፈለገ በኅዳርና በታኅሣሥ ይምጣ፤ አውድማው ላይ ጭዱ በነፋስ ሲበር ቢያግዝ ስንቅ የሚከለክለው የለም። ወደ ጀማ የምትወርዱ ሰዎች ግን ገና ሳይነጋ ተነሱ፣ ውሃ ያዙ፣ ከአገሩ ሰው አንዱን መንገድ መሪ አድርጉ፤ የአህያው መንገድ ሁለት ሦስት ቦታ ይከፈላል፣ የተሳሳተው ገደል ላይ ያልቃል። ጉልበታችሁንም ቁጠቡ። ተራራ የለመደ ሰው አዲስ ጉልበቱን በአቀበቱ ጨርሶ ደክሞት ይወርዳል፤ እዚህ ግን ቁልቁለቱን ስትጨፍሩ ወርዳችሁ፣ አቀበቱ የሚጠብቃችሁ ደክሟችሁ፣ ፀሐይ አናት ላይ ሆና፣ ውሃው አልቆ ነው። ሐምሌ ላይ እንመጣለን ካላችሁ ደግሞ መኪናውን አስፋልት ላይ ተዉት፤ ጫማችሁን ደግሞ በፌስታል ያዙት።